ከዓይን የተሸሸገ ቡቃያ

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አያ ምሥጋናውን ከዳገቱ ወገብ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ነገር በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። አያያዛቸው የአራስ ልጅ አያያዝ ነው፤ አንድ እጅ ከሥር ደግፎ፣ አንድ እጅ ከነፋስ ከልሎ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ ክፉ ክፉው ነው። ምራታቸው ወልዳ ሕፃኑ ታመመ፣ ወይም ከዚያ የባሰ ሆነ ብዬ ፈጥኜ ተጠጋኋቸው።

«አያ፣ ማን ነው የታመመው?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አይተው ወደ መንገዱ ዳር ጠሩኝ። የጋቢውን ጫፍ በጥቂቱ ገለጥ ሲያደርጉት የእርጥብ አፈር ሽታ ወጣ። ሕፃን አልነበረም፤ ትሪ ላይ የበቀለ አተር ነው። ግንዱ ክር አክሎ፣ ነጥቶ፣ ረዝሞ ረዝሞ ራሱን መሸከም አቅቶት አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሟል።

«ለአተር ነው ጋቢ ያለበሱት?»

«የወጥ አተር መሰለሽ? የአበባ አተር ነው። ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ እባክሽ።»

ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱን ሲነግሩኝ ግን ጠፋ። አያ ምሥጋናው መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው፣ በስተርጅና በአንዲት ትንሽ ሆቴል አትክልተኛ ሆነው የሚኖሩ ሰው ናቸው። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ከሆቴሉ ሠራተኞች የቀሩት እርሳቸውና ዘበኛው ናቸው። ባለቤቲቱ የዚህን አበባ ዘር ከአዲስ አበባ አምጥታ ሰጥታቸዋለች። ለፋሲካ የመንገዱ አጥር አብቦ ካልጠበቃት የአትክልቱን ቦታ ሲሚንቶ አልብሳ የመኪና ማቆሚያ ታደርገዋለች። ሲሚንቶ ደግሞ አትክልተኛ አይፈልግም። ሐረጉ እንደ አተር የሚጠመጠም፣ አበባው የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ነው አሉኝ። ፍሬው ግን የጓያ ዘመድ ነው፤ የሚበላ ይመስላል እንጂ አይበላም። ይህን ስሰማ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት የሰፈራችንን ሕፃናት ነው።

ዘሩን ይዘራሉ፣ ይበቅላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይወድቃል። አሁን ወደ ጠበል እየወሰዱት ነበር።

«ምን ሆኖ ነው የሚወድቀው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዓይን ነዋ። ያቺ ጎረቤትሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ። መጀመሪያ የበቀሉ ለት ገልጬ በደጇ ሳልፍ አየቻቸው። ‹እንዴት ያምራል› አለች። ማርያም ታሳድገው አላለች፣ እንትፍ አላለች። እንዴት ያምራል ብቻ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅብ የምደፋባቸው።»

ጎረቤቴ ገለቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ጭቃ ታቦካለች፤ ጀበናና ማሰሮ ሠርታ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ሸክላ የሚሠራ ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል፤ ቃሉን እዚህ መድገሙ ይከብደኛል። ሲባል የሚሰማው በሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ግን በቅቶት አያውቅም። ዛሬ የአንድ ሽማግሌ አተር ነው፤ ነገ ትኩሳት የያዘው ልጅ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ የልጁ እናት በሩን ታንኳኳለች። እኔ በተወለድኩበት ቀበሌ አንድ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ነበር። የሰው በሬ ወድቆ ሞተና አገሬው በነርሱ አመኻኘ። ቀጥቃጮቹ ምጣዳቸውን እሳት ላይ እንደተጣደ ትተው አገር ጥለው ሄዱ። ይህ ሁሉ በአንድ አፍታ ታየኝ። ቢሆንም «ኧረ አይበሉ» ለማለት አፌ አልተፈታልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሰው ፊት በዓይን አላምንም እላለሁ። ልጄ ባመማት ቁጥር ግን ማን አይቷት ይሆን እያልኩ ነው ያሳደግኋት።

ያቺው ልጄ ማኅሌት ሸክም ልታግዘኝ ከላይ ስትወርድ ደረሰችብን። በአንድ የግብርና ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት ስትማር ቆይታ፣ ተኩሱ መንገዱን ሲዘጋው ሳትጨርስ የተመለሰች ናት። የአያ ምሥጋናውን ጉልበት ሳመች፤ ገርበብ ካለው ጋቢ ውስጥ የተኛውን ቡቃያ አየችና እዚያው ቁጢጥ አለች።

«አያ፣ ከበቀሉ ወዲህ ፀሐይ አይተው ያውቃሉ?»

«ፀሐይ ካየቻቸው ሰውም ያያቸዋል። ከእንቅብ ሥር ናቸው። ብርድም እንዳያገኛቸው ከምድጃው አጠገብ።»

«ውኃስ?»

«ጠዋትም ማታም ጠበል አጠጣቸዋለሁ። በዚያ በኩል አላጎደልኩም።»

ማኅሌት ነገር ስትመዝን ከንፈሯን ትነክሳለች። ነከሰችው።

«እንግዲህ አይቆጡኝና የደረሰባቸውን ልንገርዎ። ቡቃያ የሚያድገው ብርሃን በልቶ ነው። ብርሃን ሲያጣ ፍለጋ ይሮጣል። እነዚህ የረዘሙት ጤና አግኝተው አይደለም፤ ከጨለማው ለመውጣት ተንጠራርተው ነው። የምድጃው ሙቀት ደግሞ ሩጫውን አባሰው። ትሪው ጥልቀት የለውም፤ የዚህ አተር ሥር ቁልቁል መውረድ ነው የሚወደው። አንገታቸው ላይ የጠቆረውን ያዩታል? አፈሩ ጭቃ ሆኖ ስለሚውል በስብሶ ነው። ጠበሉ አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው የውኃው ብዛት ነው።»

«ዓይንስ?»

«እርሻ ላይ ባቄላ ሲዘሩ እንቅብ ይደፉበታል?»

«እርሻ ሰፊ ነው» አሉ አያ ምሥጋናው፣ ቀላል ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። «ዓይን ይበተንበታል። ትሪ ላይ ግን ይሰበሰባል።»

ማኅሌት ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ደስ አላሰኛቸውም። ትምህርቷን ጨርሳ ቢሆን ኖሮ ይሰሟት እንደነበር ነገሯት። «ግማሹን ይዘሽ መጣሽ» አሏት፤ «ስለ ዓይን የተጻፈው በቀረው ግማሽ ውስጥ ይሆናል።»

ይህ ቃል ልጄን የት እንዳገኛት እኔ አውቃለሁ። ደብተሮቿን በላስቲክ ጠቅልላ ከቁም ሣጥኑ በላይ ካስቀመጠች ወዲህ አውርዳ ያየቻቸው ቀን የለም። እርሷ ግን ድምፅዋን ሳትለውጥ መለሰች።

«ሊሆን ይችላል። እንግዲያው እንሞክረው። የቀረውን ዘር ሁለት ቦታ እንክፈለው። ግማሹን እርስዎ እንዳሉት ከእንቅብ ሥር ያሳድጉ፤ ማንም አይይብዎት። ግማሹን እኔ በእትዬ ገለቴ ደጅ ላይ አሳድጋለሁ፤ ጠዋት ማታ እያዩት። ዓይን ከሆነ የሚገድለው የእርሳቸው ቀድሞ ይሙት።»

አያ ምሥጋናው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቃልም አሰሩ። በገለቴ ደጅ ያለው ከሞተ እሑድ በሰንበቴው ማኅበር ፊት የሷ ዓይን መሆኑን ይናገራሉ። ከዳነም አለመሆኑን እዚያው ቆመው ይናገራሉ።

ቤት እንደገባን ልጄን ገሠጽኳት። የሰው ኑሮ በአተር ላይ አይሰቀልም አልኳት። ዶሮ ቢጭረውስ፣ በረዶ ቢወርድበትስ፣ አይጥ ቢበላውስ? ያኔ አንቺ «በረዶ ነው» ትያለሽ፤ እነርሱ «ዓይን ነው» ይላሉ፤ የሚሰማው የማን ነው? ማኅሌት ዝም ብንልም እኮ ሹክሹክታው መጀመሩን ነገረችኝ። ልክ ነበረች። እኔም ልክ ነበርኩ። የሚያስፈራው ይኸው ነው።

ገለቴ ስትጠየቅ የማሰሮ ከንፈር እያለሰለሰች ነበር። እጇን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እሺ ብል አተሩ ይፈርድብኛል» አለች፤ «እምቢ ብል እምቢታዬ ይፈርድብኛል። ማሰሮው ምን ያህል ይጥለቅልሽ?»

ማኅሌት የጠየቀቻት ጠበብ ብሎ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው። ገለቴ በሕይወቷ ሙሉ የማያፈስ ዕቃ ስትሠራ ኖራ አሁን ሆን ብላ ቀዳዳ ማውጣቷ አሳቃት። እንዲህ ያሉ ማሰሮዎች ሠራች፣ አደረቀች፣ በኩበት ተኮሰች። ልጄ የእርሻ አፈር፣ የወንዝ አሸዋና የከረመ ፍግ ቀላቅላ ሞላቻቸው። ዘሩን አሳድራ ዘፈዘፈችው፤ ሲነጋ ያላበጠውን ፍሬ፣ ውኃ እንዲገባው ቅርፊቱን በምላጭ ጫር እያደረገች፣ እያንዳንዱን የጣት አንጓ በሚያህል ጥልቀት ቀበረችው። ለአይጥና ለዶሮ ዙሪያውን እሾህ አጠረችበት። ከላይ ግን ምንም አልደፋችበትም። ሰማይ ያየዋል፤ መንገደኛ ያየዋል፤ ገለቴ ታየዋለች። ውኃም አፈሩን በጣቷ ነክታ ደርቆ ስታገኘው ብቻ ነበር የምትሰጠው።

ቀድሞ የበቀለው የአያ ምሥጋናው ነው።

መጥተው ነገሩን። በምድጃው ሙቀት ቶሎ ወጥቶ፣ ቶሎ ረዝሞ፣ ስንዝር አልፏል። የኛ ማሰሮዎች ባዶ አፈር ናቸው። አያ ምሥጋናው በደስታ ሳይሆን በኀዘኔታ ነበር ያዩን፤ ይህ ደግሞ ከደስታው የከፋ ነው። ገለቴ ለቀናት ከቤት አልወጣችም። የኛ ብቅ ሲልም ድንክ ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፤ መሬቱን ይዞ አልንቀሳቀስም ያለ ይመስላል። ማኅሌት እንዲህ ነው የሚፈለገው ትላለች። እኔ ግን ልጄ እኛን ለማጽናናት የምትናገር መሰለኝ።

ከዚያ ውርጩ መጣ። የላስታን የኅዳር ውርጭ የማያውቅ የለም። አንድ ማለዳ ብወጣ ቡቃያዎቹ ነጭ ዱቄት ተነስንሶባቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ገለቴ አጠገባቸው ቆማለች፤ ሳትነካቸው። ወደ ቤት እናስገባቸው ብዬ ልጄን ለመንኳት። ይህ አተር ብርድ የሚያጠነክረው ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ እንይ አለችኝ። ፀሐይ ወጣች፤ ረፋዱ ላይ ቀና አሉ። እኔ ግን ቀና አላልኩም። ነገም ውርጭ አለ።

በዚያ ሰሞን በገለቴ ደጅ የሚያልፈው መንገደኛ ቀነሰ። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ከልለው በማዶው ጠባብ መንገድ ይሄዱ ጀመር። ቅዳሜ ያወጣችውን ማሰሮ ሁሉ መልሳ አመጣችው፤ ዕቃውን አንስቶ ያየ እንኳ አልነበረም። ከታች ሰፈር አንድ ልጅ ትኩሳት ያዘው ተባለ። ልጁ ክኒን ወስዶ ተሽሎታል፤ ወሬው ግን አልተሻለውም። የገለቴን ስም ማን እንደጨመረበት አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ባለቤት የለውም። እኔን ራሴን ውኃ ቦታ ላይ አንዲት ሴት በቀስታ፣ ለወገን በሚነገር ድምፅ፣ ልጅሽን ከዚያ ደጅ ብታርቂያት ይሻላል፣ ገና ያላገባች ናት አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለማኅሌት ስነግራት ሄዳ ማሰሮዎቹን አጠጣች።

ቅጠላቸው ሁለት ሦስት ጥንድ ሲሆን የባሰው መጣ። ማኅሌት እሾሁን ገልጣ ገባችና የእያንዳንዱን ቡቃያ ጫፍ በጥፍሯ ቆርጣ ጣለችው።

አያ ምሥጋናው በዚያው ሰዓት ደርሰው ነበር። ገለቴም ጭቃ በነካው እጇ ብቅ ብላ አየች። ገለቴ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ» አለቻት፤ «ይኸን ሁሉ ቀን ያቆየሽኝ ዛሬ ልትቀጥፊኝ ነው?»

ማኅሌት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ገለቴ፣ ጎመን ቀንጥሰው አይደለም የሚበሉት? ቀንጥሰው ሞቶ ያውቃል?»

«ጎመን ሌላ ነው።»

«ሌላ አይደለም። ጫፉ ካለ ጉልበቱን ሁሉ ጫፉ ይወስደዋል፤ አንድ ቀጭን ሐረግ ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል። ጫፉ ሲነሣ ጉልበቱ ከሥር ወዳሉት ጉጦች ይመለሳል። በአንዱ ፈንታ ሁለት፣ ሦስት ይወጣል። አበባውም በዚያው ልክ ነው።»

«ካልወጣስ?» አሉ አያ ምሥጋናው።

«ይወጣል» አለች ልጄ፤ ግን ድምፅዋን ሰማሁት። እኔ እናቷ ነኝ፤ ፈርታለች። ያነበበችውን ሁሉ አንብባዋለች፤ በእጇ ስታደርገው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ትምህርቷ ከመካከሉ ሲቋረጥ የቀረው ይኸ የእጅ ሥራው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው መናገር አልችልም። ቡቃያዎቹ ጫፋቸውን አጥተው እንደ ቆሙ ቆሙ። አላደጉም፣ አልወደቁም። ሰው ቆም ብሎ ያያል፤ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ገለቴ መሥራት አቆመች፤ ጭቃዋ ተሰነጠቀ። እኔ በልቤ ነገሩን ጨርሼው ነበር። እሑድ መጥቶ፣ ሰንበቴው ተሰብስቦ፣ አያ ምሥጋናው ቆመው ሲናገሩ ይታየኛል። ልጄንም አያታለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ማን ይቀበላታል? የሰፈሯ ልጆች እንደሄዱት እርሷም አንድ ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ዐረብ አገር የሚወስደውን መንገድ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ? ይህን እያሰብኩ ሽንኩርት ስልጥ እጄን ቆረጥኩ።

አንድ ማለዳ ማኅሌት በቀስታ ጠራችኝ። ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ወጥታለች። አንዱ ግንድ ላይ ሁለት፤ አንዱ ላይ ሦስት። በሳምንቱ ክንድ እንደዘረጋ ሰው በሁሉም በኩል ተዘረጉ። ግንዱ ቢነኩት አይጎብጥም። ማኅሌት ማሰሮውን ገልብጣ አንዱን አውጥታ አሳየችን፤ ነጭ ሥሩ እስከ ቀዳዳው ድረስ ወርዶ አፈሩን እንደ መረብ ይዞታል። ገለቴ ወደ ማሰሮው ዘንበል ብላ አየች፤ ለማድነቅ ግን አፏን አልከፈተችም። እኔም ልክ እንዳደረገች አሰብኩ፤ እንዲህ ማሰቤም አሳፈረኝ።

በማግስቱ አያ ምሥጋናው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ በእጃቸው ምንም አልያዙም። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እየዞሩ አዩ። ከገለቴ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«የኔዎቹ ወድቀዋል» አሉ። «ከወደቁ ቆይተዋል፤ ሳልነግራችሁ ነው። ምራቴ አላየቻቸውም፣ ልጆቹም አላዩዋቸውም። እንቅቡን የማነሣው በሩን ዘግቼ ነው። ከኔ በቀር ያያቸው ፍጡር የለም።»

ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«ዓይን ከሆነ የገደላቸው፣ እንግዲህ ዓይኑ የኔ ነው።»

ማኅሌት የማንም ዓይን እንዳልሆነ፣ ጨለማውና ጭቃው እንደሆነ ልታስረዳቸው ጀመረች። እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። «ገብቶኛል» አሉ። «ያን ለት ዳገቱ ላይ ነግረሽኛል። የገባኝ ግን ቤቴ ውስጥ ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የማንን ዓይን ነው የምፈልገው ብዬ ሳስብ የቀረው የኔ ብቻ ሆነ። ይቺ ሴት እኔ ዓይኑ ያንተ ነው እባላለሁ ብዬ እነዚያን ጥቂት ቀናት የፈራሁትን ፍርሃት ዕድሜ ልኳን ስትፈራው ኖራለች ማለት ነው።»

ቃላቸውን ጠበቁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበቴው ዳቦ ሳይቆረስ፣ ብድግ አሉና ሁሉን ተናገሩ። ያሉትን እንዳለ እዚህ የማሰፍረው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው። የአበባ አተር ዘር አድሮ ሊዘፈዘፍ ይገባዋል አሉ፤ ትሪ አይወድም፣ ጥልቅና ቀዳዳ ያለው ዕቃ ይወዳል፤ ከበቀለ በኋላ ከምድጃ አርቆ ብርድና ብርሃን ያለበት ደጅ ላይ ማዋል ነው፤ አፈሩ ሳይደርቅ ውኃ አለመጨመር፣ ጥቂት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ያለ ፍርሃት መቀንጠስ ነው። እንዲህ ያደገ ቡቃያ ነፋስ አይጥለውም፣ ብዙ ያብባል፣ አጥር ይሸፍናል፣ ለሚያፈላውም ሰው የችግኝ ገዢ ያመጣል። ለቃሪያውም ለቲማቲሙም ብርሃኑና የውኃው ልክ ይኸው ነው፤ በየቤታችሁ በየጨለማው የቀበራችሁትን ሁሉ ወደ ደጅ አውጡት አሉ። አንዲት አራስ እናትም ስለ ልጇ ጠየቀች። ማኅሌት ሕፃንም የጠዋት ፀሐይ ካላገኘ አጥንቱ እንደሚለሰልስ፣ ከዓይን እየተባለ በጨለማ የሚያድግ ልጅ እግሩ እንደሚጎብጥ መለሰችላት። ከዚያ አያ ምሥጋናው የመጨረሻውን አሉ። በገለቴ ላይ የተናገሩት ሐሰት ነው፤ አተሩን የገደለው የሠሩት ሥራ ነው። ሰው የሥራውን ጉድለት በጎረቤቱ ዓይን እያሳበበ ሥራውን መቼም አያሻሽልም፤ ጎረቤቱንም ያጣል።

ሰው ሰማ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ ዳቦውን ተመለከተ። ያቺ ውኃ ቦታ ላይ የመከረችኝ ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «አተሩስ እሺ» አለችኝ በጆሮዬ፤ «የታችኛው ሰፈር ልጅስ?»

ከመካከላችን በእውነት ያመኑት አያ ምሥጋናው ናቸው። አንድ ሰው ነው። ከአንድ ሰው ይጀመራል ትላለች ልጄ፤ እኔም እንዲህ ብዬ መጻፍ ይገባኛል፤ ጽፌዋለሁም። አንባቢዬ ሆይ፣ ቡቃያህ ሲወድቅ አፈሩን እይ፣ ውኃውን እይ፣ ብርሃኑን እይ። የጎረቤትህን ፊት ለማየት አትቸኩል። አፈር ስሕተትህን ይቅር ይልሃል፤ ዘርተህ ትሞክራለህ። ሰው ግን ድጋሚ የሚዘራ ዘር አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት ከገለቴ ግቢ የዕቃ ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ ቤቷን ጠርጋ ጨርሳለች። ጋሸና ከተማ፣ የመንገዱ መገንጠያ ላይ ምግብ ቤት ያላት አንዲት የሩቅ ዘመዷ አለች፤ ሾፌርና መንገደኛ ብቻ የሚያልፍበት፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የሌለበት ቦታ ነው። ወደዚያ ልትሄድ ነው።

አያ ምሥጋናው ወሬውን ሰምተው እያለከለኩ መጡ። ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ከፊቷ ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አስጣለቻቸው። ይቅር ብያለሁ፣ በልቤ ምንም የለም አለቻቸው። ይቅር ካልሽ ለምን ትሄጃለሽ ብለው ለመኗት፤ እሑድ ሁሉም ሰምቷል፣ ንጹሕ መሆንሽ ታውቋል አሏት።

ገለቴ ማሰሮዎቹን አየቻቸው። ሐረጎቹ ማኅሌት የተከለችላቸውን እንጨት ይዘው ለመውጣት ጀምረው ነበር።

«አተሩ ባይበቅልስ ኖሮ፣ አያ?» አለች።

ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳት ባጃጅ ከታች ጡሩምባውን ነፋ። ገለቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ ማኅሌትን ግንባሯን ሳመቻት፣ የኔንም እጅ ያዘች። ቀዳዳ ያላቸውን ማሰሮዎች ለአያ ምሥጋናው እንድንሰጣቸው ነገረችን። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የዕቃዋን ጆንያ በትከሻቸው አነሡና፣ ዳገቱን ከፊቷ ከፊቷ እየወረዱ እስከ ባጃጁ ተሸከሙላት።